«ፏፏቴህ» ያለው ሰው

የንባብ ክፍል፦ መዝሙር 42 እና 43

ይህን ጽሑፍ ከመቀጠላችሁ በፊት መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገልጣችሁ መዝሙር 42ን ከ43 ጋር አያይዛችሁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ብታነቡት እወዳለሁ። ሁለቱ በብዙ የዕብራይስጥ የእጅ ጽሑፎች እንደ አንድ መዝሙር ተያይዘው ይገኛሉ። ዘማሪው የገዛ ነፍሱን ለምን እንደምታዝን የሚጠይቅበት አዝማችም በሁለቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ንባቡ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ መዝሙር በእኛ ዘንድ የሚታወቀው በዋላው ነው። ዋላ ከጠራ ምንጭ ሲጠጣ የሚያሳይ ሥዕል፣ ከሥሩም ይህ ጥቅስ ተጽፎበት፣ በብዙ አማኞች ቤት ግድግዳ ላይ አይተናል። ሥዕሉ ያምራል። መዝሙሩ ውስጥ ያለው ዋላ ግን ገና አልጠጣም፤ ውኃ አጥቶ ይናፍቃል። ዘማሪውም እንደዚሁ ነው። ዕንባው ምግብ ሆኖበታል። ሰዎች አምላኩ የት እንዳለ እየጠየቁ ቀኑን ሙሉ ያቆስሉታል። ከሕዝቡ ጋር እየዘመረ ወደ እግዚአብሔር ቤት የሄደበትን ዘመን ሲያስታውስ ነፍሱ ትፈስሳለች።

ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ስንል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ያ ውኃ የጠማው ሰው አሁን ውኃ ያሰጥመዋል። ፏፏቴ ያገሣል፣ ጥልቁ ጥልቁን ይጣራል፣ ሞገድ በላዩ ላይ ያልፋል። በአንድ መዝሙር ውስጥ አንዱን ሰው ተጠምቶም ሰጥሞም እናገኘዋለን። ልጅ ለቀበረ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ውስጡ ደርቋል፣ ከላይ ደግሞ ጎርፍ ነው።

ዘማሪው የት ሆኖ እንደሚዘምርም ይነግረናል። በዮርዳኖስ ምድርና በአርሞንዔም ተራራ አጠገብ ነው። የአርሞንዔም ጫፍ 2,814 ሜትር ከፍታ አለው፤ በክረምት በረዶ ይለብሳል። በረዶው ሲቀልጥ ወደ ዓለቱ ሰርጎ ከተራራው ግርጌ በምንጭ ይፈልቃል። ባንያስ በሚባለው ስፍራ፣ በወንጌል ፊልጶስ ቂሣርያ ተብላ በምናውቃት ከተማ አጠገብ፣ ከምንጩ የሚነሳው ወንዝ ጥቂት ተጉዞ አሥር ሜትር ያህል ከሚሆን ገደል ይወረወራል። ከዮርዳኖስ መነሻዎች አንዱ ይህ ነው። ዘማሪው የትኛውን ፏፏቴ እንደሰማ መጽሐፉ አይነግረንም፤ አካባቢው ግን የሚያገሣ ውኃ የማይታጣበት ነው። ኢየሩሳሌም ወደ ደቡብ ሩቅ ነች። የበዓሉ ሕዝብ በዚያ ይዘምራል፣ እርሱ በዚህ ብቻውን ነው።

በዕብራይስጡ «ፏፏቴ» ተብሎ የተተረጎመው ቃል «ጺኖር» ነው። በብሉይ ኪዳን የሚገኘው በሁለት ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ሌላው 2ኛ ሳሙኤል 5፥8 ላይ የዳዊት ሰዎች ወደ ኢየሩሳሌም ስለገቡበት የውኃ መውረጃ በሚናገረው ክፍል ነው። ከላይ ወደ ታች በኃይል የሚወርድ፣ መንገዱ ላይ የቆመውን ሁሉ ይዞ የሚሄድ ውኃን ያሳስባል።

ይህን ትርጉም ከሥነ መለኮት ኮሌጅ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ግን ባለፈው ጥቅምት በጫካ መንገድ ላይ ከአንድ አባት ስለሰማሁት አንዲት ፊደል ነው። ታሪኩን የምጽፈው በእርሳቸው ፈቃድ ነው፤ ስማቸውን አልጠቅስም።

እኚህ አባት የጉባኤያችን ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት አማርኛ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አማኞች በየቤቱ ተሸሽገው በሚሰበሰቡበት ጊዜ፣ መስኮት ዘግተው በሹክሹክታ ከዘመሩት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መዘምራን መካከል ያልታዩበትን እሁድ አላስታውስም። ወፍራም ድምፃቸው ከታች ሆኖ ሌላውን ሁሉ ይሸከም ነበር።

ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ልጃቸው በሃያ ስድስት ዓመቷ ታመመች። ጉባኤው በሙሉ ጾመ፣ ጸለየ። ሌሊቱን ያደሩ ነበሩ። ልጅቷ ግን በመጋቢት ወር ወደ ጌታ ሄደች። ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞላ፣ ዕድሩም ቤተ ክርስቲያኑም የሚገባውን አደረገ። ድንኳኑ ሲነሳ ሰውም ተነሳ፤ ሁሉም ወደ ኑሮው ሄደ።

ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን አልቀሩም። መዘምራኑን ግን ትተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ጉባኤው ለዝማሬ ሲነሳ ይነሳሉ፣ አፋቸው ግን አይከፈትም። አንዳንድ ወገኖች በቅንነት «ይበርቱ ጋሼ፣ ጠላትን አያስደስቱ፣ ይዘምሩ» ይሏቸዋል። እርሳቸውም ጎንበስ ብለው «እሺ፣ ጌታ ይባርክህ» ይላሉ። በሚቀጥለውም እሁድ ዝም ብለው ይቆማሉ። ሰባት ወር እንደዚህ አለፈ።

የወንዶች ኅብረታችን በዓመት አንድ ቀን ከከተማ ወጥቶ ይጸልያል። ዘንድሮ የመረጥነው የመናገሻ ሱባን ደን ነበር። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ነው። «ጋሼ፣ አብረውን ይውጡ፤ ማንም ምንም አያስጸልይዎትም» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ዱላ ይዤ እመጣለሁ» አሉ።

በአንድ ሚኒባስ አሥራ ስድስት ሆነን ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። በሰበታ በኩል ዞረን ኮረኮንቹን መንገድ ስንይዝ የክረምቱ ጭቃ ገና አልደረቀም ነበርና ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ከደኑ መግቢያ ጀምሮ አንድ የአካባቢው ወጣት መራን። ከፊታችን እየሄደ ዘወር ይልና በኦሮምኛም በአማርኛም «ቀስ በሉ፣ ያዳልጣል» ይለናል።

ያን ደን ያላያችሁ ብታዩት መልካም ነው። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ አይተው፣ ከሸዋ ወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ዛሬ ጽዱ ከወይራና ከዝግባ ጋር ሆኖ ሰማዩን ይጋርዳል። ግንዱን ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው አለ። ከቅርንጫፎቹ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ጉሬዛዎቹ ነጭ ካባቸውን እያወናጨፉ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ወደ ላይ ወደ ወጨጫ ጫፍ፣ ወደ 3,385 ሜትሩ ሲቃረብ፣ ትልልቁ ዛፍ እያነሰ በአስታ ይተካል። የእኛ መንገድ ግን ወደ ጫፉ አልነበረም፤ ጎኑን ይዞ ወደ ሸለቆው፣ ወደ ፏፏቴው ነበር።

ጋሼ ከኋላ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ እኔም አጠገባቸው ሆንኩ። አንድ ሰዓት ያህል ብዙ አልተነጋገርንም። አንድ ጊዜ ቆመው ትልቅ ጽድ በእጃቸው ዳሰሱና «ይሄ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አይደለም» አሉ። ሌላ ጊዜ ድኩላ ከፊታችን ብድግ ብላ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። «ዋላህ ሄደች» አሉኝ። ከመጋቢት ወዲህ ሲቀልዱ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ረፋዱ ላይ ውኃውን ሰማነው። አንዱ ወጣት «ደረስን!» ብሎ መሮጥ ሲጀምር መሪያችን ሳቀ። «ገና ነው። አሁን ትሰሙታላችሁ፣ ቀጥሎ ይጠፋል፣ ኋላ ደግሞ ይመጣል» አለው። እውነቱን ነበር። መንገዱ ከጉብታው ጀርባ ሲዞር ድምፁ ጭራሽ ጠፋ፤ የወፎች ድምፅና የገዛ እግራችን ኮቴ ብቻ ቀረ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ጠንክሮ ተመለሰ። እዚያው ጉቶ ላይ ተቀምጠን ዳቦና ቆሎ በላን፣ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳን። ወጣቶቹ ቀድመውን ወረዱ።

ጋሼ የሻይ ክዳኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ጀመሩ።

«ፓስተር፣ እኔ የሰዋስው መምህር ነኝ።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«በለቅሶዬ ሰሞን መዝሙር 42ን ነው ያነበብክልኝ። ከዚያ ወዲህ ከእጄ አልወጣም። ግን አንዲት ፊደል እንቅልፍ ነሳችኝ።»

«የትኛዋ?»

«ፏፏቴህ ይላል። ፏፏቴው ቢል ምን ነበረበት? ማዕበልህ ይላል። ማዕበሉ ቢል እኔ እተኛ ነበር። ጎርፍ ወሰዳት ቢባል ጎርፍን ማን ይከሳል? ይቺ ‹ህ› ግን ውኃው ባለቤት አለው ትላለች። ባለቤት ካለው፣ ያን ሁሉ ስንጮኽ እንዴት ዝም አለ?»

ወገኖቼ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት መቸኮል የለብንም። እኔም ዝም አልኩ። ከታች ውኃው ይጮኻል። የኢዮብ ወዳጆች ያደረጉት መልካም ነገር የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቀናት አጠገቡ በዝምታ መቀመጣቸው ነበር። ሻዩ እስኪበርድ ተቀመጥንና ኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ በሰዋስው ያቺ ‹ህ› ምንድን ናት?»

«አገናዛቢ ናት። ባለቤትነት ታሳያለች።»

«የማንን?»

«የሁለተኛ መደብ…» ብለው ቆሙ። ክዳኑን መሬት አስቀመጡት። «ሁለተኛ መደብ፣ ነጠላ» አሉ እንደገና፣ እንደ ክፍል ውስጥ። «ፊት ለፊት ላለ ሰው የምትነገር።» ከዚያ ብዙ ቆይተው፦ «ፓስተር፣ እኔ ሰባት ወር ሙሉ በሦስተኛ መደብ ነው የቆየሁት። ‹እርሱ ለምን እንዲህ አደረገ› እያልኩ። አንድ ቀን ‹አንተ› አላልኩትም።»

ተነሥተን ወረድን። ፏፏቴው ከጢስ ዓባይ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሸለቆው ውስጥ ዛፍ ከቦት ተደብቆ የሚወርድ ውኃ ነው። በጥቅምት ግን ኃይሉ ገና አልቀነሰም። ርጭቱ ከሩቅ ፊት ያረጥባል፣ አጠገብህ ያለው ሰው የሚናገረውን አትሰማም። ወጣቶቹ ከታች እየተሳሳቁ ፊታቸውን ይታጠባሉ። ጋሼ ዱላቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ድንጋይ እየያዙ ውኃው የሚወድቅበት ድረስ ተጠጉ። ቆመው ሲናገሩ አየሁ። አፋቸው ይከፈታል፣ እጃቸው ይነሣል፣ አንገታቸው ይገታል። ሲጮኹ ነበር። አንድም ቃል አልተሰማም፤ ውኃው ሁሉን ይሸፍነዋል። ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም። ለእኔ የተነገረ አልነበረም።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ።

ዘማሪው «ፏፏቴህ» ሲል ሁለት ነገር በአንድ ፊደል ይናገራል። አንደኛው አቤቱታ ነው፤ ይህ በላዬ ያለፈው ውኃ ከአንተ ሥልጣን ውጭ አይደለም ይላል። ይህን ለማለት ድፍረት ይጠይቃል፣ መጽሐፍ ቅዱስም ድፍረቱን አልሰረዘበትም። ሁለተኛው አድራሻ ነው። አቤቱታው የሚሄድበት ቦታ አለው። ውኃው የማንም ባይሆን ኖሮ መከራችን ተራ አደጋ ነበር፣ ጩኸታችንም ሰሚ የሌለው ነፋስ ነበር። ያ የሚያቆስለን ባለቤትነት፣ የምንይዘው ብቸኛ ገመድም እርሱ ነው። ለዚህ ነው ዘማሪው ወዲያው ቀጥሎ እግዚአብሔር በቀን ምሕረቱን እንደሚያዝዝ፣ በሌሊትም መዝሙሩ ከእርሱ ጋር እንደሆነ መናገር የቻለው። ሞገዱ አልቆመም፤ ገና ሁለት ጊዜ ነፍሱን ለምን እንደምታዝን ይጠይቃታል። የሚያናግረውን ግን አልለቀቀም።

ዮናስን ተመልከቱ። በዓሣው ሆድ ሆኖ ሲጸልይ በምዕራፍ 2 ላይ ይህንኑ የመዝሙሩን ቃል ነው የሚያነሣው፤ በዕብራይስጡ ማዕበልህና ሞገድህ የሚለው ሐረግ አንድ ነው። መርከበኞቹ ናቸው ወደ ባሕር የጣሉት፤ ዮናስ ግን ጣልኸኝ ይለዋል። ከእግዚአብሔር ፊት ሲሸሽ የነበረ ሰው ከጥልቁ ሆኖ ወደ እርሱ ፊቱን ያዞረው በዚያች «ህ» ነው።

ከሁሉ በላይ ጌታችንን ተመልከቱ። በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ ሲነግራቸው፣ ማቴዎስ በ26፥38 የጻፈው የግሪክ ቃል፣ ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም በዚህ መዝሙር አዝማች ላይ ያዘነችውን ነፍስ የጠራበት ቃል ነው። ጌታ የዚህን ሰው ኀዘን በገዛ አፉ ተሸከመ። ጽዋውም እንዲያልፍ ሲለምን «አባቴ» ብሎ ነው። የተጠማውም እርሱ ነው፤ በመስቀል ላይ ተጠማሁ አለ። ሞገዱም በእርሱ ላይ አለፈ። ስለዚህ ውኃው የእግዚአብሔር ነው ስንል፣ ከዳር ቆሞ ስለሚመለከት አምላክ አንናገርም። ውኃው ውስጥ ስለገባ አምላክ ነው የምንናገረው። ይህ ለጋሼ «ለምን» መልስ አይሆንም። «አንተ» የሚባለው ማን እንደሆነ ግን ያሳየናል።

አንድ ነገር ልጨምር። የመዝሙሩን ርእስ እዩት። ለመዘምራን አለቃ የተሰጠ፣ የቆሬ ልጆች መዝሙር ነው። ቆሬ በዘኍልቍ 16 ምድር አፏን ከፍታ የዋጠችው ሰው ነው፤ በ26፥11 ደግሞ የቆሬ ልጆች ግን እንዳልሞቱ ተጽፏል። ጥልቁ ምን እንደሆነ ቤተሰባቸው ያውቃል። እነርሱ ናቸው በእግዚአብሔር ቤት ዘማሪዎች የሆኑት። ከሕዝቡ ጋር መዘመር ያልቻለው የዚያ ሰው እንጉርጉሮ የት እንደደረሰ ታያላችሁ? ተጣርቶ፣ ተስተካክሎ፣ ደስታ እስኪመለስ ድረስ ወደ ጎን አልተቀመጠም። እንዳለ ለመዘምራን አለቃ ተሰጠ፤ ጉባኤው በሙሉ እንዲዘምረው።

ከዚያ ጉዞ በኋላ በሦስተኛው እሁድ ጋሼ ወደ ቢሮዬ መጡ። «መዘመር ገና አልቻልኩም። ማንበብ ግን እችላለሁ» አሉኝ። የዝማሬው ሰዓት መካከል ላይ ወደ መድረክ ወጡና መዝሙር 42ን እና 43ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡ። በመምህር አነባበብ፣ ቃሉን ሳይውጡ፣ እያንዳንዷን «ህ» እየረገጡ አነበቡ። እልልታ አልነበረም። አሜን ያለም ጥቂት ሰው ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ግን ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ወደ እርሳቸው ሄዱ። አንዲት እናት ልጇ ወደ ስደት ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በጸሎት ርእስ ማቅረቡን ካቆመች ቆይታለች። ክንዳቸውን ይዛ ቆማ አለቀሰች። ጋሼም አብረው አለቀሱ። ጋሼ ዛሬም ከኋላ ወንበር ናቸው፤ በየወሩ አንድ እሁድ ግን ያነብባሉ።

ወገኖቼ፣ በጉባኤያችሁ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው ካለ አታዋክቡት። «በርታ» ከማለታችሁ በፊት አጠገቡ ቁሙ። ድንኳኑ ከተነሳ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ በሩን አንኳኩ። የአምልኮ መሪዎች ሆይ፣ ከመዝሙራት ብዙዎቹ እንባ ናቸው፤ ለእነርሱም በፕሮግራማችሁ ቦታ ስጡ። ዝም ብለህ የምትቆመው ወንድሜ፣ ዝም ብለሽ የምትቆሚው እህቴ ሆይ፣ ዛሬ ደስታን አልለምንህም፣ አልለምንሽም። ስለ እርሱ ከማሰብ ወደ እርሱ መናገር አንዲት ፊደል ብቻ ነው ርቀቱ። ያለህን ምሬት ይዘህ፣ ያለሽን ጥያቄ ይዘሽ «አንተ» በሉት። ድምፁ አንዳንዴ ከጉብታ ጀርባ ይጠፋል፤ ውኃው ግን መፍሰሱን አላቆመም።

እንጸልይ፦

አባት ሆይ፣ የተጠሙትንም የሰጠሙትንም ታውቃቸዋለህ። መዘመር ያቃታቸውን ከፊትህ እንዳታርቃቸው እንለምንሃለን። ማዕበልህ በላያቸው ሲያልፍ እጅህም በላያቸው ትሁን። እኛንም ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስ አስተምረን። ሞገዱ በላዩ ባለፈው በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።